ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ኬክ ለልጅ ልደት፦ ከሊጥ እስከ ታፔላ

የኬክ አሠራር ከኢንተርኔት አውርዳችሁ፣ ግራም በግራም ተከትላችሁ፣ ኬኩ ኦቨን ውስጥ ቆንጆ ሆኖ ከተነፋ በኋላ መሀሉ ዝቅ ካለባችሁ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። አብዛኞቹ አሠራሮች የተጻፉት ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ላላለ አገር ነው። አዲስ አበባ ግን 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ውሃም 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ከሊጡ ቶሎ ይተናል። ኬኩ ውስጡ ሳይጸና ይነፋና ተመልሶ ይሰጥማል።

ሁለተኛው የውድቀት ምክንያት ችኮላ ነው። ጠዋት ጋግሮ፣ በትኩሱ ቆርጦ፣ ክሬም ቀብቶ ከሰዓት ለእንግዳ ማቅረብ አይሆንም። ክሬሙ ይቀልጣል፤ ኬኩም ይፈረፈራል።

ይህ መመሪያ ለእነዚህ ለሁለቱ መፍትሔ ነው። ቅርጹ የከተማችን ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። የመረጥኩት በምክንያት ነው። ሳጥን መሰል ስለሆነ የሚቆረጠው ትንሽ ነው። ሁለት ዋና ቀለም ይበቃዋል። ፎንዳንት (ኬክ የሚለብሰው እንደ ሊጥ የተዳመጠ የስኳር ሽፋን) አያስፈልገውም። አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ የሚያድግ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ለጀማሪ ከአንበሳና ከአሻንጉሊት ቅርጽ በጣም ይቀላል።

## ደረጃ 1፦ ሥራውን በቀን ከፋፍሉት

ልደቱ እሁድ ከሰዓት ነው እንበል።

- ሐሙስና ዓርብ፦ ግዢ።
- ቅዳሜ ጠዋት፦ መጋገር። መብራት ቢጠፋ እንኳ ቀኑ ገና ነው፤ ደግሞ የመሞከር ዕድል አላችሁ።
- ቅዳሜ ማታ፦ ክሬም መሥራት፣ ሰማያዊውን ቀለም መበጥበጥ፣ ኬኩን መቁረጥና መደርደር፣ የመጀመሪያውን ስስ ክሬም መቀባት።
- እሁድ ጠዋት፦ ቀለሙን መቀባት፣ መስኮትና በር መሥራት።
- እንግዳ ከመምጣቱ አንድ ሰዓት በፊት፦ ጎማውን መለጠፍ።

ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቀን ለመጨፍለቅ አትሞክሩ። ቢያንስ መጋገሩና መቁረጡ የተለያየ ጊዜ ላይ ይሁን።

## ደረጃ 2፦ የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለኬኩ (20 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መጋገሪያ)

- 320 ግራም የፉርኖ ዱቄት
- 240 ግራም ስኳር
- 200 ግራም የገበታ ቅቤ ወይም ማርጋሪን
- 5 የፈረንጅ እንቁላል
- 200 ሚሊ ሊትር ወተት
- አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ በቢላዋ የተስተካከለ
- 2 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ
- ቆንጠር ያለ ጨው

ለክሬሙ

- 250 ግራም የገበታ ቅቤ
- 500 ግራም የዱቄት ስኳር
- ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት
- ሰማያዊ የምግብ ቀለም፣ ከተገኘ ጄል የሆነው
- 2 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ

ለማስዋቢያ

- ክብ የቸኮሌት ብስኩት፣ ለጎማ 4 እና ቢሰበር መተኪያ 2
- አንድ አራት ማዕዘን ብስኩት ለታፔላ
- ጥቂት ቢጫና ቀይ የምግብ ቀለም

ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ጥንቃቄ አለ። በተለይ እነዚህን ልብ በሉ።

ቅቤ። የሐበሻ ቅቤ ለዚህ ኬክ አይሆንም። ጥሩ ቅቤ ነው፤ ሽታው ግን ቫኒላውን ይውጠዋል፤ ክሬሙም ላይ ጎልቶ ይወጣል። ጨው ያለበት የገበታ ቅቤ ከገዛችሁ ሌላ ጨው አትጨምሩ።

እንቁላል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከፈረንጁ ያንሳል። በእሱ ከሠራችሁ በ5 ፈንታ 7 አድርጉ። ሁሉንም መጀመሪያ ስኒ ውስጥ ለየብቻ ስበሩ። አንድ የተበላሸ እንቁላል ቅቤና ስኳሩን ሁሉ ይዞ ይጠፋል።

ቤኪንግ ፓውደር። ከጓዳ ከርሞ የተገኘውን አትመኑ። ከፓውደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ወስዳችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ወዲያው ኃይለኛ አረፋ ካላወጣ አዲስ ግዙ። ደግሞም «ትንሽ ነው» ብላችሁ ማንኪያውን አትከምሩት። እዚህ ከተማ ኬክ የሚሰጥመው በአብዛኛው ቤኪንግ ፓውደር ሲበዛ ነው።

ሚዛን። የኩሽና ሚዛን ካላችሁ በሱ ሥሩ። ከሌለ የሰፈር ሱቅ አለላችሁ። ሩብ ኪሎ ስኳር በሚዛን አስመዝኑ፤ ከዚያ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፤ 240 ግራም ገደማ ይሆናል። ዱቄቱን ሩብ ኪሎ አስመዝኑና 9 የተስተካከለ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩበት። የሻይ ብርጭቆ ግን መለኪያ አይደለም። ከቤት ቤት መጠኑ ይለያያል።

የዱቄት ስኳር። ካጣችሁ ተራውን ስኳር በደረቅ ብሌንደር ፍጩት። በየሩብ ኪሎው አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች አብሩበት፤ ከዚያ በደቃቅ ወንፊት ንፉት። ያልተነፋ ስኳር ክሬሙ ላይ እንደ አሸዋ ይቆረጥማል።

ቀለም። ለምግብ የተሠራ መሆኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ካላያችሁ አትግዙ። ስም በሌለው ብልቃጥ ወይም በፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ ቀለም ለልጅ አይሰጥም።

ከዕቃ ደግሞ ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላዋ፣ ማስመሪያ፣ ወንፊት፣ ስቴኪኒ፣ የመጋገሪያ ወረቀትና ወፍራም ካርቶን አዘጋጁ። ካርቶኑን 25 በ35 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሁለቱን ደርቡና በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉ። የኬኩ መቀመጫ እሱ ነው። ሚክሰር ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖርም በእንጨት ማንኪያና በጉልበት ይሠራል።

## ደረጃ 3፦ መጋገር

1. ቅቤ፣ እንቁላልና ወተቱን ከፍሪጅ ከሁለት ሰዓት በፊት አውጡ። የአዲስ አበባ ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅቤው ብቻውን ላይለሰልስ ይችላል። ቆራርጣችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። እሳት ላይ አታቅልጡት። የቀለጠ ቅቤ አየር አይይዝም።

2. ኦቨኑን 190 ዲግሪ ላይ ለ20 ደቂቃ አሙቁ። ዝቅ ባለ ቦታ 180 የሚባለው እዚህ 10 ዲግሪ ይጨመርበታል፤ ኬኩ ከመሰጠሙ በፊት እንዲጸና።

3. መጋገሪያውን ቅቤ ቀቡ። ወለሉ ላይ ወረቀት አንጥፉ፤ ጎኖቹ ላይ ዱቄት ነስንሱና ትርፉን አራግፉ።

4. ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው አንድ ላይ ሁለት ጊዜ ንፉ።

5. ቅቤና ስኳሩን ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ምቱ። ነጣ ብሎ ሲለሰልስ አቁሙ። በእጅ ከሆነ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚህ በላይ አትምቱት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የበዛ አየርም ያሰጥማል።

6. እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምሩ። አንዱ ሳይዋሃድ ሌላው አይገባም። ቫኒላውን አስከትሉ። የተቋጠረ የሚመስል ነገር ካያችሁ እንቁላሉ ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ፤ ይስተካከላል።

7. የዱቄቱን ሲሶ፣ ከዚያ የወተቱን ግማሽ፣ ደግሞ ዱቄት፣ ደግሞ ወተት፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን ዱቄት ጨምሩ። እዚህ ላይ ሚክሰሩን አስቀምጡት። በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ አዋህዱ። ነጭ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም በቃ። ብዙ የታሸ ሊጥ እንደ ዳቦ ይጠነክራል።

8. ገልብጡና አስተካክሉ። መሀሉን በማንኪያ ጀርባ ትንሽ ዝቅ፣ ጠርዙን ከፍ አድርጉት። ያኔ ጉብ ሳይል ደልዳላ ሆኖ ይወጣል፤ ስትቆርጡ የሚጣለው ይቀንሳል።

9. መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አድርጋችሁ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሩ። እስከ 25ኛው ደቂቃ ድረስ በሩን አትክፈቱ። በመስታወቱ ብቻ እዩ።

10. ስቴኪኒ መሀሉ ላይ ውጉ። ንጹሕ ሆኖ ወይም ደረቅ ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ በስሏል። እርጥብ ሊጥ ከያዘ 4 ደቂቃ ጨምሩና ደግማችሁ ሞክሩ።

11. በመጋገሪያው ውስጥ 10 ደቂቃ ያርፍ። ጠርዙን በቢላዋ አላቁና ሽቦ ላይ ገልብጡ። ወረቀቱን ላጡ። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልላችሁ እስከ ማታ አስቀምጡ።

ትንንሽ የጠረጴዛ ኦቨኖች ከላይ ቶሎ ያቃጥላሉ። የናንተ እንደዚያ ከሆነ 25ኛው ደቂቃ ላይ ከላዩ ፎይል ጣል አድርጉበት። መጋገሪያው ካልገባም ሊጡን ለሁለት ከፍላችሁ በትንንሽ ዕቃ በተራ ጋግሩ። ተራ የሚጠብቀው ሊጥ ቀዝቃዛ ቦታ ይቆይ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አይቆይ።

### መብራት ቢጠፋ

በሩን አትክፈቱ። የሞቀ ኦቨን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ ቀጥሉና ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ጨምሩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከጠፋ ኬኩ አብዛኛው ጸንቷል፤ ተዘግቶ በቆየው ሙቀት ሊጨርስ ይችላል። በስቴኪኒ አረጋግጡ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ጠፍቶ ከቀረ ግን ያ ሊጥ ለቅርጽ አይሆንም። ሌላ ሥሩ። ቅዳሜ ጠዋት ጀምሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ አንድ ዙር የሚሆን ዱቄትና እንቁላልም በትርፍ ግዙ።

### ኬኩ ከተበላሸ

- መሀሉ ዝቅ ካለ፦ ውስጡ ከበሰለ አትጣሉት። ደረጃ 5 ላይ ከሚቆረጡት ሦስት ቁራጮች መካከለኛው ላይ ያለውን ጉድጓድ በክሬም ሞልታችሁ ታች አድርጉት፤ ከላይ አይታይም። በቀጣዩ ጊዜ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ የሻይ ማንኪያ ቀንሱ።
- ከላይ ከተሰነጠቀ፦ ኦቨኑ በዝቶበታል። የተሰነጠቀውን ቆርጣችሁ አንሡት።
- ከደረቀ፦ 100 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍሉና አቀዝቅዙ። በብሩሽ ወይም በማንኪያ እያንጠባጠባችሁ አርጥቡት። አታጥለቅልቁት።
- ከመጋገሪያው ከተጣበቀ፦ በእርጥብ ሙቅ ፎጣ ከሥር ለ3 ደቂቃ ጠቅልሉና ደግማችሁ ገልብጡ።

## ደረጃ 4፦ ክሬሙ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰማያዊው ላይ ነው። ቅቤ ቢጫ ነው። ቢጫ ላይ ሰማያዊ ሲገባ አረንጓዴ ይወጣል፤ ታክሲዋም ሰማያዊ መሆኗ ይቀራል። መከላከያው ትዕግሥት ነው።

1. የለሰለሰውን ቅቤ ብቻውን ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ምቱ። እየነጣ ይሄዳል። ነጭ ለመሆን እስኪቃረብ አታቁሙ።
2. የተነፋውን የዱቄት ስኳር በአራት ጊዜ ጨምሩ። መጀመሪያ በዝግታ፤ አለዚያ ኩሽናው በስኳር ብናኝ ይሞላል።
3. ወተቱን በአንድ አንድ ማንኪያ ጨምሩ። ማንኪያው ላይ ቆሞ የማይወድቅ ክሬም ሲሆን በቃ።
4. ሲሶውን ለይታችሁ ሰማያዊ አድርጉ። ቀለሙን በስቴኪኒ ጫፍ እየነከራችሁ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። አሁንም ወደ አረንጓዴ ካደላ አንድ ነጥብ ሐምራዊ ቀለም ጨምሩበት፤ ሐምራዊ የቢጫውን ኃይል ይሰብራል።
5. ሰማያዊውን ሸፍናችሁ አሳድሩት። ሲያድር ይደምቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ከምትፈልጉት ትንሽ ፈዘዝ ብሎ ይቆይ።
6. ከነጩ 4 የሾርባ ማንኪያ ቀንሱና ኮኮዋውን አዋህዱበት። በዚህ ቡናማ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ስትጨምሩ ወደ ጥቁር ይጠጋል። መስኮቱ በዚህ ይሠራል።

ክሬሙ ከቀጠነ 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና ደግማችሁ ምቱ። ከተቆራረጠና ውሃ ከለየ በጣም ቀዝቅዟል ማለት ነው። ሳህኑን ሙቅ ውሃ ባለበት ዕቃ ላይ ለግማሽ ደቂቃ አስቀምጡና ምቱት። ዝም ብሎ ስኳር መከመር መፍትሔ አይደለም፤ ጣፋጩ በዝቶ ልጆቹ ክሬሙን ትተው ይነሣሉ።

በእንቁላል ነጭ የሚሠራ ያልበሰለ ክሬም ለትንንሽ ልጆች አትሥሩ። ያልበሰለ እንቁላል ለሆድ ሕመም ያጋልጣል።

## ደረጃ 5፦ መቁረጥና መደርደር

ኬኩ ቀዝቃዛና ያረፈ ይሁን። እጃችሁን ስታሳርፉበት ምንም ሙቀት ከተሰማችሁ ጠብቁ።

1. ከላይ ጉብ ያለውን በዳቦ ቢላዋ ጋደም አድርጋችሁ ቀንሱ። ቢላዋውን ወደ ታች አትጫኑ፤ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ አድርጉት።
2. የ30 ሳንቲ ሜትሩን ጎን በማስመሪያ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ሦስት ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱ 20 በ10 ነው።
3. ካርቶኑ ላይ አንድ ማንኪያ ክሬም ቀቡ። ኬኩን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። የመጀመሪያውን ቁራጭ አስቀምጡ።
4. ስስ ክሬም ቀብታችሁ ሁለተኛውን፣ ደግሞ ክሬም፣ ሦስተኛውን ደርድሩ። ማርማላታ ከወደዳችሁ በክሬሙ ላይ ስስ አድርጉ፤ ከጠርዙ ግን 1 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ጠርዝ ላይ የደረሰ ማርማላታ ቁራጮቹን ያንሸራትታል።
5. ከላይ በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ከአራቱም ጎን ቀጥ ማለቱን እዩ። ለ30 ደቂቃ ቀዝቃዛ ቦታ ይቆይ።
6. አሁን የፊት መስታወቱን ቅረጹ። ጣሪያው ላይ ከፊት ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ምልክት አድርጉ። ፊት ለፊት ባለው ጎን ደግሞ ግማሽ ቁመቱ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለቱን በአንድ የሰያፍ ቁርጥ አገናኙ። ቅርጹ በዚህ ያበቃል። ሌላ አትቁረጡ።

ከልክ በላይ ከቆረጣችሁ የተቆረጠውን በክሬም መልሳችሁ ለጥፉት። በቀለም ስለሚሸፈን አይታወቅም።

ከዚያ ከነጩ ክሬም ትንሽ ወስዳችሁ መላውን ኬክ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ይህ ቅብ ውበት የለውም፤ ፍርፋሪው ይታያል። ሥራው ፍርፋሪውን አጣብቆ መያዝ ነው። ለዚህ የምትጠቀሙበትን ክሬም በሌላ ዕቃ ለዩት። ፍርፋሪ የነካው ማንኪያ ወደ ዋናው ክሬም ከተመለሰ ነጩ ታክሲ ነጠብጣብ ይሆናል።

አሁን ይደር። ክሬሙ ቅቤና ስኳር ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ሌሊትም ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ንፋስ ያለው ክፍል ውስጥ በትልቅ ካርቶን ተሸፍኖ ቢያድር ችግር የለውም። ፍሪጅ ውስጥ ካስገባችሁት ግን በደንብ ሸፍኑት። ቅቤ የገባበት ክሬም ሽታ ይስባል። ከወጥና ከተላጠ ሽንኩርት ጋር ያደረ ኬክ የልደት ኬክ አይሸትም።

## ደረጃ 6፦ ቀለምና ዝርዝር

እሁድ ጠዋት ክሬሞቹን ከክፍል ሙቀት ጋር አስማሙና አንድ ደቂቃ ምቷቸው።

1. በስቴኪኒ ዙሪያውን ግማሽ ቁመቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ።
2. መጀመሪያ ነጩን ከመስመሩ በላይና ጣሪያው ላይ ቀቡ። ቢላዋውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ በፎጣ አድርቃችሁ አለስልሱ።
3. ለ20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ይህን ከዘለላችሁ ሰማያዊው ነጩን ያቆሽሸዋል።
4. ሰማያዊውን ከታች ቀቡ። ከታች ወደ መስመሩ ውጡ እንጂ ከመስመሩ አትጀምሩ።
5. መስኮቶቹን በስቴኪኒ ንደፉ፤ በየጎኑ ሦስት ሦስት፣ ፊትና ኋላ አንድ አንድ። ጥቁሩን ክሬም በንጹሕ ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አድርጉና ጫፉን ትንሽ ቆርጣችሁ ሙሉት።
6. ተንሸራታቹ በር በስተቀኝ ነው። ልጆች ይህን ያዩታል! በግራ ብትሠሩት «በሩ የታለ?» የሚል አይጠፋም። በስቴኪኒ ጫና አድርጋችሁ የበሩን መስመር አውጡ።
7. ፊት ለፊት ሁለት ቢጫ ነጥብ ለመብራት፣ ኋላ ሁለት ቀይ።
8. ታርጋውን ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን አድርጉ። የልጁን ስምና ዕድሜ ጻፉበት።
9. ብስኩቱን ነጭ ክሬም ቀብታችሁ ጣሪያው ላይ ወደ ፊት አቁሙት። ታፔላው እሱ ነው። የሰፈራችሁን መስመር ጻፉ፤ «አራት ኪሎ – ፒያሳ» ወይም «ካዛንቺስ – መገናኛ»። እኔ ከመላው ሥራ በጣም የምወደው ይህን ነው። አጎቶችና አክስቶች ሳይቀሩ ፎቶ የሚያነሡት ታፔላውን ነው።

ጽሑፉን ኬኩ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት ሳህን ላይ ተለማመዱ። ከተሳሳታችሁ አትጥረጉ። ክሬሙ እስኪጠነክር 15 ደቂቃ ጠብቁና በስቴኪኒ ጫፍ አንሡት።

ጎማዎቹን እንግዳ ከመምጣቱ አንድ ሰዓት በፊት ለጥፉ። ቀድሞ የተለጠፈ ብስኩት ረጥቦ ይወድቃል።

## ለትንንሽ ልጆች የማይደረግ

ደረቅ ከረሜላና ሙሉ ኦቾሎኒ በዚህ ኬክ ላይ አታድርጉ። ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ አደገኛ ናቸው። ኦቾሎኒ ሰውነቱ የማይቀበለው ልጅም አለ፤ የመጋበዣ ስልክ ስትደውሉ እናቱን ወይም አባቱን ጠይቁ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር የገባበት ነገር አይቅመስ። ኬኩን ለመደገፍ ስቴኪኒ ውስጡ አትተዉ። ድጋፍ ካስፈለገ ወፍራም ስትሮ ከላይ እስከ ታች አስገቡና ስንት እንደሆነ አስታውሱ። ብልጭታ የሚረጨውን ሻማ ደግሞ ልጁ አጎንብሶ በሚነፋበት ኬክ ላይ አትሰኩ። ተራ ሻማ ይበቃል። ሻማውን ከታፔላው ራቅ አድርጉት።

## ልደቱ ጾም ላይ ከዋለ

ልጆቹ ባይጾሙም አያቶችና ጎረቤቶች ይጾማሉ። ያለ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል በዚያው መጋገሪያ እንዲህ ይሠራል፦ 320 ግራም ዱቄት፣ 220 ግራም ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ኮኮዋ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቆንጠር ጨው በአንድ ላይ ንፉ። በሌላ ዕቃ 350 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶና ቫኒላ አዋህዱ። ኦቨኑ ሳይሞቅ ሁለቱን አታገናኙ። ሶዳና አቼቶ ሲገናኙ ወዲያው ይሠራሉ፤ ሊጡ ቆሞ ከጠበቀ አረፋው ያልቃል። አዋህዳችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ኦቨን ውስጥ ይግባ። የመጋገሪያው ጊዜ ያው ነው።

ለክሬሙ ከአትክልት ዘይት የተሠራ ማርጋሪን ተጠቀሙ፤ ወተቱን በውሃ ተኩ። ማሸጊያውን አንብቡ። አንዳንዱ ማርጋሪን ወተት አለበት። ብስኩቱም እንደዚሁ። አንድ ጥቅም አለው፤ ማርጋሪኑ ነጭ ከሆነ ሰማያዊው ያለ ችግር ይወጣል።

## ደረጃ 7፦ ማጓጓዝና መቁረጥ

ልደቱ አያት ቤት ከሆነ ኬኩን ከኬኩ ከፍ ባለ ካርቶን ውስጥ አስገቡ። መኪና ውስጥ እግር ማሳረፊያው ወለል ላይ አስቀምጡት። መቀመጫ ላይ ወይም ጭን ላይ አይሁን፤ ሁለቱም ያጋድላሉ። የሰፈር ኮብልስቶን ላይ ሹፌሩ ቀስ እንዲል ንገሩት። ጎማ፣ ታፔላና ሻማ ለብቻ በዕቃ ይሂዱ። ለጥገና የሚሆን ጥቂት ሰማያዊና ነጭ ክሬምም አብሮ ይያዝ። መንገድ ላይ የተነካ ጎን በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል።

ይህች ታክሲ 20 ሰው አካባቢ ታበላለች። የእኛ ልደት ላይ ግን ጎረቤቱም የጎረቤቱ እንግዳም ይመጣል። ሌላ አንድ መጋገሪያ ቅርጽ የሌለው ኬክ ጋግሩ፤ ክሬም ቀብታችሁ ኩሽና ውስጥ በአራት ማዕዘን ቆርጣችሁ አዘጋጁ። ከድፎ ዳቦውና ከፈንዲሻው ጋር ለሁሉም ይዳረሳል።

ሲቆረጥ መጀመሪያ ሻማውንና ታፔላውን አንሡ። ስትሮ ካስገባችሁ ቆጥራችሁ አውጡ። ከኋላ ጀምራችሁ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ቁረጡ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ክፈሉት። ቢላዋውን በየቁርጡ በእርጥብ ፎጣ ጥረጉ፤ አለዚያ ጥቁሩ ክሬም ነጩን ይበክላል። ፊት ለፊቱን፣ መብራቱና ታርጋው ያለበትን ቁራጭ፣ ለባለ ልደቱ አስቀሩ። ሌላ ልጅ ሳያየው ቶሎ ስጡት።